የሠላሳ ዓመት ዝናብና አንድ ቅዳሜ

ብሩክታይትን ለሚያይ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ጥቁር ዣንጥላዋ ላይ ነው። የአሜሪካዋ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰማይ እንደታጠበ ሰሃን ሲያበራ እንኳ ከብብቷ አይለይም። የምትሠራው የአየር ንብረት ምርምር ቤት ነው። በኮምፒውተር ሌላ ምድር ትሠራለች፤ ውቅያኖሱን ታሞቃለች፣ ነፋሱን ትለቃለች። ከዚያ የክረምቱ ዝናብ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚወርድ፣ ሞቃት ባሕር ላይ የሚወለደው አውሎ ነፋስም ወዴት እንደሚያዘነብል ቁጭ ብላ ታያለች። ከዚህ በላይ ምን ያስደንቃል! አንድ ሙሉ ክረምት በአንድ ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ያባራል፤ ጠረጴዛዋ ላይ ግን ጠብታ የለም።

አበሻው ይህን አይሰማም። "የዝናብ ሰው ናት" ተብሎ ስለተወራ፣ እሷ ከምትኖርበት ከላንድማርክ እስከ ዊተን ድረስ ሰርግ ያለው ሁሉ ይደውልላታል። "ቅዳሜ ድንኳን እንትከል?" ይላታል። መልሷ አንድ ነው፤ "እኔ የሠላሳ ዓመት ዝናብ እንጂ የቅዳሜን አላውቅም።"

በዚህ መልስ አብዝታ የምትስቀው ሀጀራ ናት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ምርምር ቤቱ አጠገብ ባለው ፓርኪንግ በር ላይ ትሠራለች። "አቦ፣ ዣንጥላሽን እያየ ማን ያምንሻል? አንቺው ራስሽን አታምኚ!" ትላታለች በየጠዋቱ።

በፈረንጆቹ 2018፣ በሜይ ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት ግን ሀጀራ አልሳቀችም። ከሳጥን ቤቷ ወጥታ መኪናው ድረስ መጣች።

"ብሩኬ፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ አውሎ ነፋስ ገብቷል አሉ። እማዬ አገሯ ሶማሌላንድ ገብታ፣ በርበራ አጠገብ ባሕሩ አፍ ላይ ናት። ትውጣ ወይስ ትቀመጥ? ቅዳሜ ይደርሳል ነው የሚባለው።"

ብሩክታይት ሞተሩን አጠፋች። እሷ በሠራችው ምድር ወደዚያ ጠባብ ባሕር ዘልቆ የሚገባ አውሎ ነፋስ ብርቅ ነው። ደጋግማ ብታስነሣውም አብዛኛው ወደ ሌላ ይታጠፋል፤ ወይም እዚያው ባሕሩ ላይ ይሞታል። "ብዙ ጊዜ አይደርስም" ብትል ውሸት አይሆንባትም። ግን እናትየው ይህን እውነት ተማምነው ቤታቸው ቢተኙስ? "ብዙ ጊዜ" የሚባል ነገር ለአንዲት አሮጊት ጣሪያ ሆኖ አያድርም።

"ሀጀራዬ፣ የእኔን ሞዴል ተዪው። እሱ የሚያውቀው የዘመናትን ልማድ ነው፤ ይሄኛውን አያውቀውም። ይሄኛውን ቀንና ሌሊት የሚከታተሉት ትንበያ ሰጪዎቹ ናቸው።" ስልኳን አውጥታ የማለዳውን ማስጠንቀቂያ አነበበችላት። "ወደዚያው እያመራ ነው። ይውጡ።"

"ካልመጣስ?"

"በእኔ አሳብቢ።"

"አቦ፣ እማዬን አታውቂያትም! ጎረቤቶቿ እየወጡ ነው፤ እሷ ግን 'ነፋስ ፈራሁ ብዬ ፍየሎቼን አልጥልም' ብላ ቁጭ ብላለች።"

ብሩክታይት መሪውን እንደያዘች አሰበች። "ደጋው ላይ ዘመድ የላችሁም?"

"የአክስቴ ልጅ ተራራው ላይ ናት። አሁን በቅርብ ወለደች።"

"በቃ! ነፋሱን አታንሺባቸው። 'አራስ ሳትጠይቂ ሰው ምን ይልሻል?' በያቸው።"

ሀጀራ እዚያው ቆማ በቫይበር ደወለች። በሶማሊኛ ለመነች፤ ከስልኩ ውስጥ ቁጣ ተሰማ። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ሲነፉ ሀጀራ በእጇ ዝም አሰኘቻቸው። በመጨረሻ ዘወር አለች። "ትሄዳለች። ፍየሎቹንም ትነዳለች፤ አንዱ ለአራሷ ሾርባ ነው።"

ያን ቅዳሜ ብሩክታይት ሰርግ ተጠርታ ነበር። ምግቡን ሳትነካ ስልኳን ስታይ ዋለች።

ሰኞ ሀጀራ በሩን ሳትከፍት አቆመቻት። "ነፋስሽ በምዕራብ በኩል አለፈ። ያለፈበትን አገር አላህ ይሁነው። የእማዬን ቆርቆሮ ግን ንቅንቅ አላደረገውም።"

"ተቆጡ?"

"ተቆጡ ትላለች! 'ያቺ ጓደኛሽ የምታውቀው ነገር የለም' አለች። ግን ሕፃኑን አቅፋ አልመለስም ብላለች።"

ብሩክታይት ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "እሰይ! እንዲህ ተሳስቼ ልኑር።" በሩ ሲከፈትላት ገብታ መኪናዋን አቁማ ወረደች።

"ዛሬስ ይዘንባል?" ጮኸች ሀጀራ ከኋላዋ።

"እኔ እንጃ!"

ማካፋት ጀምሮ ነበር። ብሩክታይት ዣንጥላዋን ከብብቷ ሳታወጣ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ እንደሰጠች ሄደች።