የፍርግያው ጋሪ

ልጅ ሳለሁ እንደ አባቴ መኪና የምጠላው ነገር አልነበረም። ዲቪ ደርሶን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ በገባን በዓመቱ የገዛት አሮጌ ቫን ነበረች፤ የኋላ በሯ አልዘጋ ብሎት በገመድ አስሯታል፣ ቋጠሮውንም ከእሱ በቀር የሚፈታው አልነበረም። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ገና ማዕዘኑ ላይ ስንደርስ «እዚህ አውርደኝ፣ በእግሬ ልሂድ» እለዋለሁ። አቁሞ ያወርደኛል። የገባው አይመስለኝም ነበር፤ ወላጁን ሞኝ በማድረግ ልጅን ማን ይቀድመዋል!

ያኔ ጎረቤታችን እትዬ የሺ አፐር አርሊንግተን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንዲት ግሪካዊት አሮጊት ይንከባከቡ ነበር። ሴትዮዋ ቀን ያወሩላቸውን ተረት ማታ ለእኛ ለልጆቹ በራሳቸው አማርኛ ይተርኩልናል። አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከአፓርታማችን ጀርባ ሥጋ ተጠብሶ ከተበላ በኋላ፣ አባቴ ግሪሉ ውስጥ የቀረውን ፍም እየቆሰቆሰ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበን፣ እትዬ የሺ ፍርግያ የምትባለውን የጥንት አገር ነገሥታት ተረት ጀመሩልን።

«ደግሞ የጣዖት ተረት!» አለች እናቴ፣ ጴንጤነቷ ተነሥቶባት።

«ፍርግያ የሐዋርያት ሥራ ላይ አለች፤ ገልጠሽ እዪ» አሏት። እናቴን ዝም ያሰኘ ሰው ያን ቀን አየሁ።

የፍርግያ ሰዎች ንጉሥ አጥተው ሲጨነቁ «በጋሪ የሚመጣላችሁን አንግሡ» የሚል ትንቢት ተነገራቸው አሉ። እነሱ ገና ሲመካከሩ ጎርዲዮስ የሚባል ድሃ ገበሬ፣ ሚስቱንና ልጁን ሚዳስን ጭኖ፣ በሬ በሚጎትተው ጋሪ እየተንቋቋ ከተፍ አለ። ልጁን አነገሡት። አባትየው ጋሪውን ቤተ መቅደስ ወስዶ አሰረው፤ ቋጠሮውን ሊፈታ ስንቱ ጎበዝ ሞክሮ አቃተው።

«ልጁ ግን ከተማው ሳይገቡ አልወረደም?» አልኩ።

«ለምን ይወርዳል?»

«ሰው እንዳያየው።»

እትዬ የሺ ሣቁ። «አንቺ ደግሞ! ቢወርድማ ማንን ያነግሡ ነበር? አጥር ሥር የተሸጎጠ ልጅ ፍለጋ ይውጡ?»

አባቴ ፍሙን መቆስቆሱን ተወ። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ያኔ ነው ሁሉንም እንደሚያውቅ የገባኝ።

ሰኞ ማዕዘኑ ላይ እንደ ልማዱ አቆመ። አልወረድኩም።

«ምነው?»

«በሩ ድረስ ንዳ፣ አባዬ።»

ነዳ። ልጆቹ ገመዱን እየጠቆሙ ሣቁ፤ ያነገሠኝም የለም። አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ በር ላይ አውርዶኝ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ያውለበልብልኝ ጀመር፤ የከተማውን ሕዝብ በሙሉ የሚሰናበት ነበር የሚመስለው።

ካደግሁ በኋላ መጻሕፍቱን ራሴ ፈላልጌ አነበብኩ። አንዱ የነገሠው ልጁ ነው ይላል፣ ሌላው አባትየው ነው ይላል። ሊቃውንቱ ይከራከሩ። እኔ ዘንድ የቀረው ሁለቱም አብረው መግባታቸው ነው።