ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ምስጢሬ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ አሶሳ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ዛሬም ሳስበው መጀመሪያ ደሜ ይፈላል፤ ቀጥሎ አፍራለሁ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ወደዚህ የመጣሁት በኮምፒውተር ባለሙያነት ተመድቤ ነው። በትርፍ ጊዜዬ ለተማሪዎች የሚሆን የእንግሊዝኛና የበርትኛ መዝገበ ቃላት ለስልክ እሠራለሁ። በነጻ ነው፤ ኮዱም ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። ችግሩ የአካባቢውን ቋንቋ፣ በርትኛን፣ አልችልም! ስለዚህ በየሳምንቱ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ሐዋ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ትለጥፍልኛለች። ቋንቋውን የሚችል ሁሉ ሲያልፍ ትርጉሙን በእስክሪብቶ ይሞላል።

ሥራውን የወደዱ የማላውቃቸው የውጭ አገር ሰዎች ደግሞ ክሪፕቶ በሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ ትንሽ ትንሽ ይልኩልኛል። የአንዱ ስጦታ ከሻይ ዋጋ አያልፍም፤ ሲጠራቀም ግን ላፕቶፕ ሊገዛ ምንም አልቀረውም ነበር። የእኔው ላፕቶፕ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር፤ እሱ ካበቃለት መዝገበ ቃላቱም አበቃለት።

የዚህ ገንዘብ ቁልፍ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ያያቸው ሰው ሁሉ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። እኔ ብልጡ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ ደበቅኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ከመስክ ስመለስ ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

የፈጣሪ ያለህ! «ፍየል» የሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ተከራክረዋል፤ አንዱ «ይሄ የመንጌ ወረዳ አነጋገር ነው» ብሎ የሌላውን ሰርዟል። «ፔንግዊን» አጠገብ «እኛ አገር የለም» ተብሎ ተጽፏል። ገንጥዬ ወደ መዝገብ ቤት ሮጥኩ።

«ሐዋ፣ ማን ለጥፊ አለሽ?»

«መስክ ስትወጣ ‹የሳምንቱን ቃላት ከመሳቢያዬ አውጥተሽ ለጥፊ› ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ወላሂ፣ የወረዳ ሰዎችም እንዲያግዙህ ቴሌግራም ላይ ለቅቄዋለሁ።»

ቴሌግራም! ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባት። ገንዘቡን ቶሎ እንዳላሸሽ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ግቢውን እንደ እብድ ዞርኩት።

ኢንተርኔቱ ሲመጣ ሂሳቤን ከፈትኩት። ገንዘቡን የነካው የለም። ወዲያው ወደ ሌላ ቁልፍ አዛወርኩትና እፎይ ብዬ ወደ ቢሮዬ ገባሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። ሐዋ አሥራ አንዱን ቃል በንጹሕ ጽሕፈት ገልብጣ ሞልታለች። ግርጌው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ፔንግዊን ቀረ። ኩርሙክ ላለው አጎቴ ደወልኩ፣ እሱም አያውቅም። ይቅርታ።»

ምን ልበል? ከባሕር ማዶ ሻይ የጋበዙኝን ሁሉ መዝገበ ቃላቱ ላይ በስማቸው እየጠራሁ ሳመሰግን ኖሬአለሁ። ቃላቱን የሰበሰበችልኝን ሴት ግን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም።

ላፕቶፑን ገዛሁ። አሁን መዝገበ ቃላቱን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው የሐዋን ስም ነው። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፣ «ምንም አይደል» ብላኛለች። ወረቀቱንም አሁንም ትለጥፍልኛለች። ከመለጠፏ በፊት ግን ይዛው ትመጣና፣ «ይሄ ይለጠፋል?» ብላ ትጠይቀኛለች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።