ሲባጎ በቢላ አይቆረጥም

ቢላ ይዞ ወደ ጆንያ አፍ የሚጠጋ ሰው ሳይ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ባለፈው የገበያ ቀን በማስተምርባት በእጃጂ ከተማ አንዲት ድንች ሻጭ የጆንያዋን ስፌት በቢላ ሸርከት አድርጋ ሲባጎውን ጭቃ ላይ ስትወረውረው፣ ሳላስበው "በእጅሽ አትፈቺውም? ምን ያስቸኩልሻል?" ብዬ ጮህኩባት። ሴትዮዋ ደንግጣ አየችኝና ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ "ኤዬ! መምህሯን ዛሬ ምን ነካት?" አለች። የነካኝን ነገር ገበያ መሀል ቆሜ ላስረዳት አልችልም። ሲባጎውን ከጭቃው አንስቼ ጠረግኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ሄድኩ።

ልጅ እያለሁ፣ አምቦ፣ እኛ ቤት ሲባጎ በቢላ አይቆረጥም ነበር። እናታችን፣ አዮ ነው የምንላት፣ አባታችን ከሞተ በኋላ ድንችና ገብስ ከየገጠሩ እያስመጣች ትሸጥ ነበር። ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ጆንያ ነው። ጎጆ ከምትባለው ከተማ የመጣው ድንች ሲራገፍ እርጥብ የደጋ አፈር ይሸታል፤ ከእንጭኒ የመጣው ገብስ ደግሞ አቧራው ያስነጥሳል። የሰፈር ልጆች ከጆንያ ጆንያ እየዘለልን፣ በየመሀሉ ድብብቆሽ እየተጫወትን እንውላለን። በአራት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ኦብሴ ግን አትዘልም፣ አትደበቅም። የጆንያ አፍ አጠገብ ቁጭ ብላ ስፌቱን በጣቶቿ ቀስ እያለች ትፈታለች። አንድ ቀን አዮ ቸኩላ በቢላ ስትቆርጠው ኦብሴ መሬት ላይ ወድቃ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ቢላው ቁም ሳጥን ላይ ተደበቀ፤ ደንበኛም ቢቸኩል ባይቸኩል ኦብሴ ፈትታ እስክትጨርስ ይጠብቅ ነበር።

ኦብሴ ሰላም ሲሏት አትመልስም። ሰው ዓይን ውስጥ አታይም። ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያው ሲከፈት ጆሮዋን ይዛ አግዳሚው ስር ትገባለች። ትምህርት ቤትም ወር ሳይሞላት "ቤት ትቀመጥ" ተብላ ተመልሳለች። ጎረቤቶች እኔን ለፍላፊዋንና እሷን እያዩ "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር" ይሉና ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ከንፈር መምጠጥ ማንን ጠቅሞ ያውቃል? አንዳቸውም አጠገቧ ተቀምጠው "ምን እያደረግሽ ነው?" ብለው አልጠየቋትም።

እኔ ጠይቄያታለሁ። ስለ ሲባጎ ሲሆን ኦብሴ ሌላ ሰው ነበረች፤ አፏ አይዘጋም። "ጎጆ ሁለት ጊዜ ይዞራል። እንጭኒ ወደ ግራ ነው። እጃጂ ጫፉን በጥርሱ ይነክሳል፤ እይ፣ ይሄው ጥርሱ" ትለኛለች በኦሮምኛ፣ በጣቷ እያሳየችኝ። ጆንያ የሚሰፋ ሰው ሁሉ የራሱ እጅ እንዳለው ያስተማረችኝ እሷ ናት። የፈታችውን እያንዳንዱን ሲባጎ ጠቅልላ፣ የአሰፋፉን ዓይነት ጫፉ ላይ መልሳ ቋጥራ፣ በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በተርታ ታስቀምጠዋለች። ነጎድጓድ ሲያስፈራት፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ሲበዛባት ቆርቆሮውን አቅፋ በጣቷ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ትነካለች፤ ትንፋሿም ይረጋል።

ለሰውም ቋጠሮ ነበራት። ለአዮ አንድ ዓይነት፣ ለእኔ አንድ ዓይነት። የእኔን የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ማንገቻ ላይ ሦስት ጊዜ አዙራ ቋጠረችና "ይሄ ቦንቱ ነው" አለችኝ። እህቴ አቅፋኝ አታውቅም፣ ስማኝም አታውቅም። እኔ ግን መወደዴን የማውቀው በዚያች ቋጠሮ ነበር፤ ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲቆጣኝ እንኳ እሷን በአውራ ጣቴ እያሻሸሁ እታገሥ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አዮ ከኦቦ ቶለራ አምስት ጆንያ የዘር ድንች ተቀበለች። ኦቦ ቶለራ ከጎጆ ድንች የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ደግሞ ድምፁ ከሁሉ በላይ የሚሰማ ጸሎተኛ ነበር። የመጀመሪያው ጆንያ ሲፈታ ላዩ ደህና ሆኖ ከስር የበሰበሰ ድንች ወጣ። አዮ አስጠራችው። በአይሱዙው መጣና ግቢያችን መሀል ቆሞ "ጎጆ ላይ ዓይኔ እያየ ነው የተሰፋው። መንገድ ላይ ማንም አልነካውም። ከተለወጠም እዚሁ ግቢሽ ውስጥ ነው የተለወጠው" አለ። ሰው ተሰበሰበ። ባል የሌላት ነጋዴ ሴት ስሟ አንዴ ከጠፋ አለቀላት።

ሰው ሲበዛ የምትሸሸው ኦብሴ በሰዉ መሀል ሰንጥቃ መጣች። ካልተፈቱት ጆንያዎች የአንዱን ስፌት ዳሰሰችና "ይሄ የጎጆ አይደለም" አለች። "ጎጆ ሁለት ጊዜ ይዞራል። ይሄ አንድ ጊዜ ዞሮ ከስር ይገባል።" ከዚያ ማንንም ሳታይ ወደ መኪናው ሄደች፤ ሸራው የታሰረበትን ገመድ ያዘችና "ይሄ ነው፤ አንድ እጅ ነው" አለች። አንድ ሰው ሾፌሩን "ሸራውን ማን ነው ያሰረው?" ብሎ ጠየቀው። ሾፌሩ ነገሩ አልገባውም፤ "ኦቦ ቶለራ ነዋ! እሱ ሌላ ሰው መች ያስነካል?" አለ። ሰዉ ቀረብ ብሎ አየ። አንድ ጊዜ ዞሮ ከስር ይገባል። ጎጆ ላይ የተሰፋውን መንገድ ላይ ፈትቶ፣ ቀይሮ፣ በገዛ እጁ መልሶ ሰፍቶታል። ግቢው በሳቅ ሞላ። ኦቦ ቶለራ ድንቹን ጭኖ ሲሄድ አንገቱን አላቀናም። እኔ በኩራት ልፈነዳ ነበር።

ምን ዋጋ አለው! ሳምንት ሳይሞላ ሳቁ ወደ ሹክሹክታ ተለወጠ። ኦቦ ቶለራ በጸሎት ቡድኑ መሀል "ይህች ልጅ ሰላምታ አትመልስም፣ ፊደል አታውቅም። መንገድ ላይ የሆነውን ማን ነገራት? ክር የሚቋጥረው ማን ነው? ጠንቋይ አይደለም ወይ?" አለ። በእኛ አገር የተቋጠረ ክር የሚታወቀው በመተት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ደግሞ ሰው ጌታን ሲቀበል ክታቡን፣ ጨሌውን፣ የተቋጠረ ክሩን አውጥቶ በዝማሬ መሀል ያቃጥላል፤ እሳቱን የሚለኩሰው የቤቱ ባለቤት ነው። ታዲያ ገመዱን በዓይናቸው አይተው የሳቁት እነዚያው ሰዎች፣ ማስረዳት የማትችል ልጅ ያወቀችውን "ከሌላ ነው" ሲባል አመኑ! አጭበርባሪው መንፈሳዊ ሆነ፣ እውነት የተናገረችው ርኩስ መንፈስ ያለባት። እስከ ዛሬ ሳስበው አንጀቴ ያርራል።

አንድ ጠዋት የጸሎት ቡድኑ ሰዎች ሰባት ሆነው መጡ። አዮ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀበለቻቸው። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ አገጬን ይዛ "ቦንቱዬ፣ እህትሽ እንደ አንቺ እንድታወራ አትፈልጊም? ክሮቹን የት ነው የምታስቀምጣቸው?" አለችኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር። እፈልግ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ እቀና ነበር፤ ለእሷ ሲባል ቢላ የሚደበቅባት ቤት ለእኔ ምንም አትደብቅም። ሮጬ ሄድኩና ቆርቆሮውን ከአልጋ ስር ጎትቼ አወጣሁ። እጄን በቆረጠው!

ግቢው መሀል የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተከመረ፤ ቆርቆሮው ተገለበጠበት። ክብሪቱን አዮ ጫረች። ዝማሬው ተጀመረ። የሲባጎዎቹ ናይለን እየቀለጠ ጥቁር ጠብታ ይንጠባጠብ ነበር፤ ያ ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ አሁንም አለ። ሁለት ሴቶች ኦብሴን ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ኦቦ ቶለራ "እየወጣ ነው! እየወጣ ነው! አትልቀቋት!" ይላል። አምልጣቸው ሄደች፤ ቀኝ እጇን እሳቱ ውስጥ ከታ የተጠቀለለ ሲባጎ ይዛ ወጣች። የቀለጠው ናይለን ከጣቶቿ ጋር ተጣበቀ። ክሊኒክ ያከሟት ነርስ አዮን ለረጅም ጊዜ አይተው ፋሻውን ጠቀለሉ። ሁለቱ ጣቶቿ ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦብሴ ዝም አለች። ስለ ጎጆ የለ፣ ስለ እንጭኒ የለ፤ የማንንም ስም አትጠራም። በተቀመጠችበት ትውላለች። "ተፈታች! እንዴት እንደረጋች አያችሁ?" አሉ። ረጋች! ቋንቋዋን አቃጥላችሁ ዝም ስትል ረጋች ትላላችሁ? አዮን መድረክ ላይ አውጥተው ማይክ አስይዘው ምስክርነት አሰጧት፤ ከስንት ቦታ ለመጣ ሕዝብ፣ ስንት ጊዜ። እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨበጨብኩ። ቤታችን ውስጥ ቢላው ከቁም ሳጥን ላይ ወረደ፤ ጆንያ በአንድ ምት መከፈት ጀመረ። በጌታ አልተቀየምኩም፤ እሱ ክብሪት አልጫረም። በሰዎቹ ግን ተቀይሜያለሁ፤ ይቅር በይ የሚሉኝም ይተዉኝ።

ለመምህርነት ስማር የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚሰጡን መምህርት አንድ ቀን ስለ ኦቲዝም አስተማሩን። እንዲህ ያሉ ልጆች አንድን ነገር አጥብቀው ሲወዱ፣ ዓለም ሲደበላለቅባቸው የሚይዙት እሱን ነው፤ ከሰው ጋር የሚገናኙትም በእሱ በኩል ነው፤ ስለዚህ ልጁን የምትፈልጉ ከሆነ በዚያ በር ግቡ አሉን። ጓደኞቼ ማስታወሻ ይጽፋሉ። እኔ ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁና መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። በሩን ያሳየሁት ለአቃጣዮቹ ነበር። ቤት ሄጄ ለአዮ ስነግራት "እኛ ምን እናውቃለን? ለእሷ ብለን ነው" አለች፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን ስናነሳ ሁልጊዜ በጠብ እንለያይ ነበር።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤት ሄጄ የድሮ ልብስ ስለይ ያቺ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ከሳጥን ስር ወጣች። ማንገቻዋ ላይ ቋጠሮዋ እንዳለች ናት። ኦብሴ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀች ነበር፤ አዮ በሩ ላይ ድንች ትለቅማለች። እሳቱ ከነደደ አሥራ አራት ዓመት አልፎታል። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ከዚያ የማይታጠፈውን ጣቷን ቋጠሮዋ ላይ አሳለፈችና "ቦንቱ" አለች።

ቀጥላም፣ ወደ ማናችንም ሳታይ፣ "ሌላውስ?" አለች።

አዮ የለመደችውን፣ ጌታ ፈታሽ የምትለውን፣ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ድንቹን ከእጇ ለቀቀችው። "አቃጠልነው፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት" አለች።

ኦብሴ መቁጠር ጀመረች። "የጎጆ፣ ሁለት ዙር፣ ነጭ። የጎጆ፣ ሁለት ዙር፣ ጫፉ ቡናማ። የእንጭኒ፣ ወደ ግራ። የእጃጂ፣ የተነከሰ..." ቆርቆሮው ውስጥ በነበሩበት ተርታ፣ አንድ በአንድ። አዮ እንባዋን ልትደብቅ ተነስታ ወደ ቤት ስትገባ ኦብሴ አቆመች፤ ተመልሳ እስክትቀመጥ ጠበቀቻትና ካቆመችበት ቀጠለች። አዮ ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። አንድ ደንበኛ መጥቶ ሲጠብቅ ሰለቸውና ድንቹን ለማየት ከኪሱ ቢላ አውጥቶ ወደ አንዱ ጆንያ ጎንበስ አለ። "ቢላውን አስገባው!" ብላ አዮ ጮኸችበት፤ "በእጅህ ፍታው!"

ድሮ ቢላው የሚደበቀው ኦብሴ እንዳትጮህ ነበር። አሁን የምትጮኸው አዮ ናት።