ለሰው ሁሉ አንድ አንድ ቃል

ጋሽ አንድ ቃል በየማለዳው ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ከበሩ ኋላ የተንጠለጠለውን ጥቁር ጃንጥላ ያወርዳሉ። ጫፉን ወደ ወለሉ አድርገው በሁለት እጃቸው ይይዙታል፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ላላ ያደርጋሉ፤ ሊወድቅ ሲል መልሰው ያዝ ያደርጉታል። ከዚያ እስከ ትከሻቸው አንስተው በአንድ ትንፋሽ ያወርዱትና ወደ ቦታው ይመልሱታል። ደመና ቢኖርም ባይኖርም ከቤት አይወጣም።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ዝናብ ያልነካው ጃንጥላ» ይላሉ ባለቤታቸው፣ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር። «እኔን ግን በየቀኑ ሊፈነክተኝ ምንም አይቀረው!»

ጋሽ አንድ ቃል የጎልፍ አስተማሪ ናቸው። ጨዋታውን ማንም አላስተማራቸውም። በወጣትነታቸው የተጫዋቾችን ቦርሳ ተሸክመው ከኋላ ከኋላ ሲሄዱ ትከሻቸው ሲደክም ዓይናቸው ተማረ። አንዱ ተጫዋች መያዣው የተሰነጠቀ ዱላ ጣለ፤ አነሱት፤ ሰው ሲበተን መቱበት፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች። እንዴት ብለው አልጠየቁም። እንጀራቸው ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት ሲያስተምሩም አንድ ቀን እንዴት እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም።

ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ወደ መለማመጃው ሜዳ የሚመጣ ጀማሪ ሁሉ ጭንቅላቱ ገበያ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ጉልበትህን ዕጠፍ፣ ክንድህን ዘርጋ፣ ራስህን አታንቀሳቅስ፣ ወገብህን አዙር። ጋሽ አንድ ቃል ይህን አይወዱም።

«ዱላው ከላይ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ከማስነጠስ ያንሳል» ይላሉ። «እስኪ እያስነጠስህ ስንት ነገር ታስባለህ? አንድ! እሱም ከተገኘ ነው።»

መጀመሪያ ቀን ቁጭ ብለው ያያሉ እንጂ አይናገሩም። ከዚያ ስለ ጎልፍ ሳይሆን ስለ ሥራ ይጠይቃሉ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሲመጣ እባብ እንደሚገድል ሰው ነበር የሚመታው።

«ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱን ያስነሳኸው እንዲህ ነው?» አሉት።

«ኧረ ጋሼ! ተሳፋሪ ቆሞ?»

«በቃ፣ ቃልህ እሱ ነው። ዱላው ከላይ ሊወርድ ሲል ‹ተሳፋሪ ቆሟል› በል።»

ከዚያ ወዲህ የሹፌሩ ኳስ ሩቅ ባይሄድም ዛሬ ያረፈበት ቦታ ነገም ያርፋል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ኳሱ ሳይነሳ ቀና ብላ የምታይ ነበረች። «ጎረቤት ሲያልፍ ከስፌት መኪናሽ ላይ እንዲህ ቀና ትያለሽ?» ሲሏት «ጣቴን ልስፋው እንዴ?» አለች፤ ቃሏም «ስፌቱን ጨርሺ» ሆነ። ዱላውን አንቃ ለምትይዘው የጥርስ ሐኪም «የሕፃን አገጭ» አሏት። ዳቦ ጋጋሪው፣ የመሬት ቀያሹ፣ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ሄደ።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ቀን በድንገት ነው። ለሐኪሟ አመታት እያሳዩ ነበር። ዱላውን አነሱ። ከላይ ሲደርሱ «የሕፃን አገጭ» የሚለው ቃሏ ትዝ አላቸው፤ እሱ ሳያልቅ «ተሳፋሪ ቆሟል» ተከተለ፤ ከዚያ የልብስ ሰፊዋ፣ ከዚያ የዳቦ ጋጋሪው፣ ከዚያ ሁለት ቀን ተምሮ የቀረ፣ መልኩን እንኳ የረሱት ሰው ቃል። ሁሉም ጠባብ በር ላይ እንደሚጋፋ ሕዝብ ባንዴ መጡ። እጃቸው ልብስ ሊያሰጣ እንደተንጠራራ ሰው እላይ ቀረ።

«ጋሼ?» አለች ሐኪሟ።

«አየሽ?» አሉ፣ ላባቸው በጆሯቸው ሥር እየወረደ። «እዚህ ላይ... ቆም ነው።»

ዱላውን በጎን በኩል አውርደው ወደ ውኃ ቧንቧው ሄዱ።

ሐኪሟ አመነቻቸው። በማግስቱ ዱላውን አንስታ እላይ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ አየቻትና ጠየቀቻት፤ «የጋሼ አዲስ ትምህርት ነው» ተባለች። ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ አንድ ቃል ጠዋት ሲገቡ ተማሪዎቻቸው ተሰልፈው፣ ዱላቸውን ሰቅለው፣ ፀጥ ብለው ቆመው አገኟቸው። ዓመት የለፉበት ምት ሁሉ ተበላሽቶ ኳሱ ወዲያና ወዲህ ይበታተናል። ተው ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። ተው ካሉ ግን ተማሪዎቹ ለምን ብለው ይጠይቋቸዋል። አፋቸውን ዘጉ።

ሊታከሙ ሲሄዱ የሕክምና ባለሙያው እጃቸውን አገላብጦ አየና «ከኔ እጅ ይሻላል» ብሎ አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ በአፍ ብቻ ማስተማር ጀመሩ። ወገቤን አሉ፤ ብርዱ ነው አሉ፤ ዛሬ አንተ ምታና ልይህ አሉ።

የሜዳው ወጣት ሥራ አስኪያጅ ግን ከሰባት ወር በኋላ አንድ ሰኞ ቢሮው አስጠራቸው።

«ጋሼ፣ አዲሱ የመለማመጃ ሜዳ ቅዳሜ ይመረቃል። እንግዶቹ ፊት አሥር ኳስ ይመቱልናል።»

«እኔ እንኳ ማስተማሩ ላይ ነበር...»

«አሥር ብቻ ነው፣ ምን አላት! እንደው አንዳንድ ሰው ጋሽን ሲመቱ ካየናቸው ቆየን እያለ ነው። የማይመታ አስተማሪ ይዘን ደግሞ...» ወረቀቱን አስተካከለ። «ይገባዎታል መቼም።»

ገባቸው። ማታ እራት ላይ ለባለቤታቸው ተነፈሱ።

«ታዲያ ለራስህም አንድ ቃል ስጥ» አሉ ባለቤታቸው።

«የለኝም።»

«ለዳቦ ጋጋሪ ሳይቀር ያደልክ ሰውዬ!»

«ሰውን ሳየው ነው የሚመጣልኝ። ራሴን ከየት ሆኜ ልየው?»

ባለቤታቸው ተነስተው ጃንጥላውን አመጡና እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። ጃንጥላው ወጣ፤ እንደ ቅቤ ወረደ። ደገሙት። እንደዚያው ነው።

«ይኸው! ቃልህ ጃንጥላ ነው። ጎልማሳ ሰው በምን ያስጨንቀኛል!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ሜዳው ላይ ሞከሩት። ኳሷን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ፤ «ጃንጥላ» እያሉ ዱላውን አነሱ። ከላይ ሲደርሱ ያው ሕዝብ በሩ ላይ ተጋፋ። ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብም እንዲሁ።

ቅዳሜ ወንበሮቹ በሦስት ረድፍ ተደረደሩ። አሥር ነጭ ኳሶች በሳህን ላይ ቀረቡ። ተማሪዎቹ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው በግራ በኩል ተሰለፉ። ጋሽ አንድ ቃል የመጀመሪያዋን ኳስ አስቀመጡ፣ ቆሙ፣ አነሱ።

ከላይ ቀሩ።

አንድ እንግዳ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንበር ሲጢጥ አለ። የሥራ አስኪያጁ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ እንደነበር ያየው የአውቶቡስ ሹፌሩ ብቻ ነው፤ ከንፈራቸው ላይም የራሱን ቃል አነበበ። ሰባት ወር ሙሉ ‹ቆም› የተባለው ትምህርት ምን እንደነበር ያኔ ገባው። ከሰልፉ ወጥቶ ተጠጋቸው።

«ጋሼ፣ ዱላውን ለኔ» አለ በጆሯቸው። ጣቶቻቸው አልፈታም አሉት። አንድ በአንድ እያላቀቀ ወሰደ፤ ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አስተማሪያችን የሚያስተምሩን እንዲህ ነው! እሳቸው ያነሳሉ፣ ተማሪው ተቀብሎ ይመታል!»

አሥሩንም መታ። አሥሩም ሩቅ አልሄዱም፤ አሥሩም አንድ ሰፌድ በሚያህል ቦታ ላይ አረፉ። ጭብጨባው ለጉድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጥቶ አቀፋቸው።

«ጋሼ! ይህን የመሰለ ነገር ደብቀውን ኖረዋል? በየወሩ እናደርገዋለን። እርስዎ ያነሳሉ፣ ተማሪ ይመታል!»

ሥራቸው አልቀረም። አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ ዱላውን አንስተው ይቆማሉ። ተራው የደረሰው ተማሪ መጥቶ እስኪቀበላቸው ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ተማሪ ለድምቀት ብሎ ይዘገያል። እንግዶች በዚህ በጣም ይደሰታሉ።

ይህን ሁሉ ለእኔ ያወሩልኝ እየሳቁ ነው። «ጻፊው፣ ምን ይገደኛል፤ አገር ያየው ነገር ነው» ብለውኛል። አንድ ነገር ብቻ እንዳልጽፍ ለመኑኝ።

በምረቃው ቀን፣ ወንበሮቹ ከተሰበሰቡ በኋላ፣ ባለቤታቸው ሊፈልጓቸው መጡ። ከሁሉ ራቅ ባለው የመጨረሻ ምንጣፍ ላይ ነበሩ፤ ኳስ አስቀምጠው፣ ዱላውን ሰቅለው፣ የተማሪዎቻቸውን ቃል አንድ በአንድ ጮክ ብለው ይጠራሉ። ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ባለቤታቸውን ሲያዩ እጃቸውን ሳያወርዱ፣ ሕፃን በሚለምንበት ድምፅ፣ «እስኪ አንቺ አንድ ቃል ስጪኝ» አሉ።

ባለቤታቸው ቦርሳቸውን መሬት አስቀምጠው ከኋላቸው መጡ፤ በእግር ጣታቸው ተንጠራርተው የተሰቀሉትን እጆች ያዙ፤ ዱላውን አብረው ቀስ አድርገው አወረዱት። በኳሷ አጠገብ አለፈ። ኳሷ ንቅንቅ አላለችም።