በአፍንጫ የሚታወቅ ጨው

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከተጠበሰ ቃሪያ ሽታ ጋር ወደ ወጥ ቤት ብገባ፣ ፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የምታስተምረው ልጄ ሰብለ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ አሠራሩን ከእሱ እያየች፣ መጋገሪያ ትሪ ላይ ቂጣ ስትቀዳድድ አገኘኋት። የሜክሲኮ ምግብ ነው አለችኝ። በቂጣው ላይ ቦሎቄና ቲማቲም አነጠፈች፣ ቃሪያውን ደረደረች፣ አይብ በተነች፣ አሥራ ሁለት እንቁላል መትታ አፈሰሰችበት፤ አሁን ይጋገራል ብዬ ስጠብቅ ለካስ ፍሪጅ ውስጥ ማደር አለበት! ጠዋት የባሏ ወላጆች ከአንበሳሜ ሲመጡ ኦቨን ውስጥ መክተት ብቻ ነው። ዛሬ ተመትቶ ነገ የሚበላ እንቁላል! ማንም ሳያስተምረኝ የጀልባ ሞተር ፈትቼ የገጠምሁ፣ ጣና ዳር የማያውቀኝ ባለጀልባ የሌለ ሰው፣ በስተርጅና ቁርስ ከስልክ ሲታዘዝ ቆሜ አየሁ።

“አባዬ፣ ጨው ጨምሬ ይሁን ረስቼ ጠፋብኝ” አለችኝ። “እንዳልቀምሰው ጾም ነው። እስቲ ያሽትቱልኝ።”

እኔን መጠየቋ ያለ ምክንያት አይደለም። ጨው አሽትቼ እንደማውቅ ከልጅነቷ ጀምሮ ስነግራት ኖሬያለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሐይቁ ዳር በነበረው ቤታችን ነው። በነሐሴ ጣና ደፍርሶ እስከ ጓሯችን ይመጣል፣ ደንገሉ አጥራችንን ይታከካል፣ እንቁራሪቶቹም ቅዳሴ ያስተጓጉላሉ። ዶሮዎቻችን ጾም ስለማያውቁ ሁለቱንም ሳምንት እንቁላል ይጥላሉ፤ እናቴም ጤፍ ውስጥ እየቀበረች ታከማቸዋለች። በዐሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራዋ ስለነበር የእንቁላል ወጡን በዋዜማው ትሠራለች፤ ከቅዳሴ መልስ ማሞቅ ብቻ ነው። አስቀድሞ ሠርቶ ማሳደር ከሜክሲኮ የመጣ አይምሰላችሁ! ጾም ስለሆነ አትቀምስም፤ ጨዉን በእጇ መጥና በእንፋሎቱ ትለየዋለች። ማኅበርተኞቿ ደግሞ ወጡ ከጣፈጠ ዝም ብለው የሚበሉ፣ ጨው ካነሰው ግን እስከ ከርሞ የሚያወሩት ሴቶች ነበሩ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ፍልሰታን አንድም ቀን ሳልገድፍ እንደ ጾምሁ ለሰፈሩ ሁሉ አውጄያለሁ። እናቴ እንጨት ልታመጣ ስትወጣ ክዳኑን ከፍቼ ጣቴን ነከርሁ። ወጡ ጨው የለውም! ዝም ካልሁ እናቴ በማኅበርተኞቿ ፊት ትዋረዳለች፤ ከተናገርሁ ጾም መግደፌ ይታወቃል።

“እማዬ፣ ወጡ ጨው የለውም።”

“በምን አወቅህ?”

“አሸተትሁት።”

ጣቴን አየችው። እስከ አንጓው ቀይ ነበር። ጨው ጨመረች፣ ጣቴን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። በማግስቱ ሴቶቹ ወጡን ሲያመሰግኑላት “የዚህ ልጅ አፍንጫ ነው፤ ጨው አሽትቶ ያውቃል” አለቻቸው፤ እነሱም በየተራ አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ በኋላ በስንት ድግስ ተጠርቼ በድስት ላይ አጎንብሻለሁ! የምፈርደው የወጥ ሠሪዋን ፊት አይቼ ነው፤ ቢሆንም ከአሥሩ ዘጠኙን አልሳትሁም።

ትናንትም በትሪው ላይ አጎነበስሁ። ቃሪያ ሸተተኝ፣ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። የሰብለን ፊት ባየው ስልኩን ታያለች።

“አለው፤ እንዲያውም ልኩ ነው” አልኋት።

ዛሬ ጠዋት ከኦቨኑ አብጦና ቀልቶ ወጣ። የባሏ አባት አንድ ጎርሰው ማኘካቸውን አዘገዩ፤ ሚስታቸው ወደ ውሃው ብርጭቆ ተመለከቱ። ሰብለ ቀመሰችው። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም።

“ለአባዬ ደም ግፊት ብዬ ጨው አላደረግሁበትም፤ እናንተ ጨምሩበት” ብላ የጨው ዕቃውን አቀረበችላቸው።

“እሰይ የኔ ልጅ፣ አባት መጦር እንዲህ ነው!” አሉ ሴትዮዋ።

መጦር! ለደም ግፊቴ ጨው ተቀንሶልኝ የማያውቅ ሰው፣ የሜክሲኮ እንቁላሌን አልጫውን አላመጥሁ፤ ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ መጣፈጡ ነው። እናቴ ስትሸፍነኝ ጣቴን አይታ፣ ሳቋን ውጣ፣ ነገ ሰው ይሆናል ብላ ነበር። ልጄ ስትሸፍነኝ አልሳቀችም።

እንግዶቹ ሐይቁን ሊያዩ ሲወጡ ለምሳ ዶሮ ወጥ ጣደች። ሲንተከተክ ክዳኑን ከፍታ፣ በጭልፋ ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ጨው ጨመረች። ጾሙ ተፈትቷል፤ ብትቀምስ አይፈረድባትም። እኔ ግን፣ ያሽትቱልኝ ሳልባል፣ አጠገቧ ቆሜ ነበር።