ሁለተኛዋ አንባቢ

ባለፈው ሳምንት ወጣት ተመራማሪዎችን ስለማማከር በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ነበር። አሠልጣኟ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት፣ «ሥራ ያስተማራችሁን ሰው አስታውሱ። ምን አደረገላችሁ?» አለችን። አጠገቤ ያለው ሰው ስለ ፕሮፌሰሩ ደግነት ብዙ አወራ። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ጋሼ መኮንን ይባላሉ» ብዬ አቆምኩ። ያደረጉልኝ ይሁን ያደረጉብኝ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም።

በደርግ ጊዜ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ፣ ክረምቱን ጉለሌ በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ እንድለማመድ ተላክሁ። ዝናቡ አያባራም ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያግበሰበሰ መንገዱን ያለብሰዋል። ጋሼ መኮንን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በክረምቱ ማብቂያ የሚጽፉልኝ ደብዳቤ ጥሩ ከሆነ የላቦራቶሪ ትምህርት ክፍል እመደባለሁ፤ ካልሆነ የምመኘው ነገር ቀረ። ስለዚህ ሳይመጡ ማይክሮስኮፓቸውን እወለውላለሁ፣ ረፋድ ላይ ሻይና የሽምብራ ቆሎ አቀርባለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ! ሥራሽን ሥሪ» ይሉኝ ነበር።

የክፍሉ ደንብ የበሽተኛው አክታ የተቀባበትን መስታወት ሁለት ሰው ለየብቻው እንዲያይ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሳያይ ውጤቱን በየደብተሩ ይጽፋል። ከጋሼ መኮንን ቀጥሎ ሁለተኛዋ አንባቢ እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት ከቀጨኔ የመጡ የአንዲት ሸክላ ሠሪ መስታወት ደረሰኝ። በሰማያዊው መደብ ላይ ሦስት ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች አየሁ። ነቀርሳ ነው። በእርሳስ «አለ» ብዬ ጻፍኩ። የጋሼ መኮንን ደብተር ግን ተከፍቶ ስለነበር ዓይኔ ሾልኮ ሄደ። «የለም» ይላል። ስንት ዓመት ያዩ ሰው የለም ካሉ እኔ ማን ነኝ? ምናልባት የቀለም ዝቃጭ ይሆናል። ደግሞስ ታላቅን ማረም ነውር አይደል? ላጲሴን አነሣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ ደም እየተፉ ተመለሱ። አዲሱ መስታወት በቀይ ዘንግ ተሞልቶ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በመስኮቱ በኩል «ሁለት ሆናችሁ አንድ ዓይን አጣችሁ?» አሉን።

ጋሼ መኮንን የድሮውን መስታወት አውጥተው እንደገና አዩ። ከዚያ ደብተሬን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አደረጉት። የተፋቀው «አለ» ወረቀቱ ላይ ጠባሳ ትቶ ነበር።

«አይተሽው ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ። ግን እርስዎ...»

«እኔን ተዪኝ! እኔ ስቻለሁ። ሁለተኛ ሰው የሚቀመጠው ለምን መሰለሽ?»

«እንዳላሳፍርዎት ብዬ ነው።»

«እኔ እንዳላፍር እሳቸው ደም ይትፉ?»

ሴትዮዋ ሕክምና ጀመሩ። ለመርፌ ሲመላለሱ ባየኋቸው ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሁላችንም «ጓድ» በምንባባልበት የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ፣ ስሜ ይነሣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጋሼ መኮንን ተነሥተው «ስህተቱ የእኔ ነው» አሉና ተቀመጡ። ስለ እኔ አንድ ቃል የለም። ይቅር አሉኝ ብዬ ደስ አለኝ። ክረምቱ ሲያልቅ ግን ደብዳቤውን ሳያሽጉ ሰጡኝ። «አንብቢውና ራስሽ አድርሺው።»

ሁለት መስመር ነበር፦ «ዓይኗ ከእኔ ዓይን የተሻለ ነው። ያየችውን ለመናገር ግን ገና አልደፈረችም።»

ይህ ምስጋና ነው ወይስ ክስ? እስከ ዩኒቨርሲቲው በእግሬ ስሄድ፣ ቀድጄ ልጣለው ብዬ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። በመጨረሻ አስረከብኩት። ትምህርት ክፍሉ ተቀበለኝ፤ በየትኛው መስመር ምክንያት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም።

ትናንት የማማክራት ተማሪ እኔ የፈረምኩበትን የምርመራ ውጤት ይዛ ቢሮዬ ገባች። «ይቅርታ፣ እዚህ ጋ የተሳሳቱ ይመስለኛል» አለችኝ፣ ከበሩ ፈቀቅ ሳትል። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ወንበር ሳብኩላትና ውጤቱን አብረን ከመጀመሪያው አየነው። የተሳሳተችው እሷ ነበረች። ከልቤ አመሰገንኳት። ለምን እንደተመሰገነች ሳይገባት፣ ግራ ተጋብታ ወጣች።