ጣሪያ ፈሪው አናጢ

ሐይቅ ከተማ የሚኖር አንድ ሽማግሌ አናጢ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፤ ሰላምታ የሚመልሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሻዩንም የሚጠጣው በር ላይ ቆሞ ነው።

ከጅዳ የተመለሰች አሪፋ የምትባል ሴት ቤት ስታሠራው፣ ሳሎኗ መሐል ምሰሶ እንዳያቆምባት ለመነችው።

«ለዚህ ስፋት የጣሪያው አግዳሚ እንጨት ቀጭን ነው፤ ያለ ምሰሶ ይጎብጣል» አላት።

«ሶፋዬስ የት ይግባ?»

«ምሰሶ ከሌለማ ጣሪያው ወርዶ ይቀመጥበታላ!»

«ወይ አያ! እንዲህ የሚፈሩት ወድቆብዎት ያውቃል እንዴ?»

መዶሻውን አስቀመጠ። «እኔማ ውጭ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ።

«እሺ፣ ይቁም» አለች አሪፋ። ምሰሶው ቆመ።

ቆርቆሮው ተመትቶ ያለቀ ቀን ሻይ ስትሰጠው፣ ያ በር ላይ የሚቆም ሰው ዘው ብሎ ገባና ምሰሶውን ተደግፎ ተቀመጠ። ሶፋው ግን አልገባ ብሎ እስካሁን በረንዳ ላይ ነው።